የስድስት ኪሎውን ሙዚየም ከነግቢው ለማንሳት፦ ሌንስ ከመግዛትሽ በፊት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። ለክፍል ሥራ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ሕንፃውንም ግቢውንም፣ በ10 ፎቶ ማሳየት አለብኝ። ያለኝ ስልኬና ከአጎቴ የተዋስኩት የቆየ ካኖን ከ18-55 ሌንስ ጋር ነው። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ሄጄ ሞከርኩ። ሕንፃው ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል፤ ሰማዩ ነጭ ሆኗል፤ ዛፎቹ ደግሞ ጥቁር ናቸው። ሰፊ ሌንስ ልግዛ? ፖላራይዘር የሚባለው ፊልተርስ ይረዳኛል?»

እኅቴ፣ ሌንሱን አትግዢ። ቢያንስ ለዚህ ሥራ። ከጻፍሽልኝ ሦስት ችግሮች አንዱም የሌንስ ችግር አይደለም። ሕንፃው የወደቀው ካሜራውን ቀና ስላደረግሽው ነው። ሰማዩ የነጣውና ዛፎቹ የጠቆሩት በሄድሽበት ሰዓትና በቆምሽበት ቦታ ነው። ሰፊ ሌንስ ብትጨምሪበት ሁሉም ይብሳል። ይበልጥ ትጠጊያለሽ፣ ይበልጥ ቀና ትያለሽ፣ ነጩ ሰማይም ይበልጥ ይሰፋል።

ከመውደቁ እንጀምር። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆሟል። የካሜራሽ ጀርባም እንደሱ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ የሕንፃው ቋሚ መስመሮች በፎቶውም ላይ ቋሚ ይሆናሉ። ጣሪያውን ለማስገባት ካሜራውን ቀና ያደረግሽ ጊዜ ግን የላይኛው ክፍል ይጠባል፤ ሕንፃው ወደ ኋላ የሚጋደም ይመስላል። በቃ፣ ምሥጢሩ ይኸው ነው። የአርክቴክቸር ፎቶ አንሺዎች ለዚህ ብለው ሽፍት የሚባል ሌንስ ይይዛሉ። ካሜራው ሳይነቃነቅ ሌንሱ ብቻ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ዋጋውን ግን አትጠይቂኝ። አንቺ ያለሱ ትችያለሽ።

መፍትሔው ወደ ኋላ መሄድ ነው። ምን ያህል? የአጎትሽን ካኖን ሌንስ 18 ላይ፣ ማለትም በጣም ሰፊው ላይ፣ አድርገሽ፣ በቁም ይዘሽ፣ ፍጹም ቀጥ አድርገሽ ከግድግዳው 10 ሜትር ብትርቂ፣ ካሜራው ከራሱ ከፍታ በላይ 6 ሜትር ያህል ያያል። በአግድም ከያዝሽው 4 ሜትር ብቻ። ሒሳቡን እንደፈለግሽ ማባዛት ትችያለሽ። አንድ ሕንፃ 12 ሜትር ቁመት አለው እንበል። ካሜራሽ ከመሬት 1 ሜትር ተኩል ላይ ነው። ጫፉን ለማግኘት በቁም ይዘሽ 17 ሜትር ግድም መራቅ አለብሽ፤ በአግድም ደግሞ ከ25 ሜትር በላይ። ጣሪያው አናት ላይ ትንሽ አየር እንዲኖርሽ ሁለት ሦስት ሜትር ጨምሪበት። ተማሪ ነሽና ሜትር አታጪም፤ በእርምጃም ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያማርራል። ካሜራውን ቀጥ አድርገሽ ከያዝሽው የፎቶው ግማሽ መሬት ይሆናል። ከአድማሱ በታች ያለው ሁሉ አስፋልት፣ ሣር፣ ጠጠር። «ይሄን ሁሉ መሬት ምን ላድርገው?» ይላሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ካሜራውን ቀና ያደርጉታል። አንቺ ግን የታዘዝሽው ሕንፃውን ብቻ አይደለም፤ ግቢውንም ነው። ያ ግማሽ ፍሬም ግቢው ነዋ! ስለዚህ የምትቆሚበትን ቦታ ስትመርጪ ዓይንሽን ከጣሪያው አንሺና ወደ እግርሽ ሥር ተመልከቺ። የአትክልት መደብ አጥር፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ፣ የዛፍ ጥላ፣ ዝናብ የተወው ውሃ። ከእነዚህ አንዱ ከታችኛው የፎቶ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ሕንፃው የሚያደርስበትን ነጥብ ፈልጊ። ሕንፃውን ሳይሆን ፊት ለፊቱ ያለውን መሬት ነው የምትመርጪው። ሕንፃው እንደሆነ የትም አይሄድም።

የስድስት ኪሎው ግቢ ለዚህ የተመቸ ነው። የቤተ መንግሥት ግቢ ስለነበር ሕንፃው መንገድ ዳር ተለጥፎ አልተሠራም። ከበሩ እስከ ደጃፉ ድረስ ቦታ አለ። በከተማችን መሃል እንዲህ ወደ ኋላ የሚያስኬድ ሕንፃ ስንት አለ? ዛሬ ከሚሠሩት ፎቆች ብዙዎቹን ለማንሳት አስፋልት አቋርጠሽ ታክሲ ተራ ውስጥ መቆም አለብሽ።

ቀጥ ማድረጉን በዓይንሽ አትመኚ። ስልክሽም ካሜራሽም ላይ የመስመር መረብ የሚያሳይ ምርጫ አለ፤ ክፈቺው። የመስኮቶቹን ጠርዝ ከመረቡ ቋሚ መስመር ጋር አስተያዪ። ስልኩን ከምትጠቀሚ ደግሞ 0.5 የሚለውን ትተሽ 1 የሚለውን ምረጪ። 0.5 ጠርዝ ላይ ያለውን ዓምድ ይለጥጠዋል፤ ቀጭኑ ዓምድ ወፍራም ይሆናል። ለአርክቴክቸር መምህር ይህን ማቅረብ ጥያቄ መጋበዝ ነው። አዎ፣ ደግሞ ከሁሉም በፊት የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ። ቀልድ እንዳይመስልሽ። ግማሹ «ጭጋጋማ ፎቶ» የጣት ቅባት ነው።

አሁን ወደ ፀሐይዋ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምሩት ፈረንጆች ለእኛ የማይሠራ ነገር ስለሚነግሩን።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ናት። ስለዚህ ፀሐይ በእኛ ላይ ጎን ትቀይራለች። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ ቀትር ላይ በደቡብ በኩል ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ደግሞ በሰሜን በኩል። በሁለቱ መገናኛ ቀናት ልክ አናት ላይ ትውላለች። ታኅሣሥ ላይ የቀትር ከፍታዋ 58 ዲግሪ ያህል ነው፤ ሰኔ ላይ በሰሜን በኩል 75 ዲግሪን ታልፋለች። አወጣጧም እንደዚሁ ነው። ታኅሣሥ ላይ ከትክክለኛው ምሥራቅ 23 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታፈነግጣለች፤ ሰኔ ላይ ያንኑ ያህል ወደ ሰሜን። «ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ ፀሐይ አያገኝም» የሚለው የአውሮፓ ምክር እዚህ ለግማሽ ዓመት ገደማ ውሸት ነው። ታኅሣሥ ላይ ጥላ የዋለበት ግድግዳ ግንቦት ላይ ሲበራ ታያለሽ።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? ወደ ሙዚየሙ ስትሄጂ ጀርባሽን ለሕንፃው ፊት ሰጥተሽ ቁሚና የስልክሽን ኮምፓስ ክፈቺ። ከብረት በርና ከመኪና ጥቂት ሜትር ራቅ በይ፤ ይሳሳታል። የሚያሳይሽ አቅጣጫ ግድግዳው የሚመለከትበት ነው። በአራቱም ጎን እንዲህ አድርጊና ማስታወሻሽ ላይ የወለል ፕላኑን በግርድፉ ሣይበት። ከዚያ የፀሐይን መንገድ የሚያሳይ ማንኛውንም አፕ አውርጂ። አፑ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚነግርሽ፤ 6 ቀንሺለት። በዚህ የቱ ግድግዳ በስንት ሰዓት እንደሚበራ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ታውቂያለሽ።

የምትፈልጊው ብርሃን ከፊት ለፊት የሚመታውን አይደለም። ያ ሕንፃውን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ከጎን የሚመጣውን ፈልጊ፤ ፀሐይዋ ግድግዳውን ልትለቅ ወይም ልትደርስበት ጥቂት ሲቀራት ያለውን። ያኔ የመስኮቱ ክፈፍ፣ የበረንዳው ጠርዝ፣ የድንጋዩ መጋጠሚያ ሁሉ የራሱ ጥላ ይኖረዋል። እናንተ በሥዕል ጥልቀት ለማሳየት የምትሠሩትን ጥላ ፀሐይ ትሠራልሻለች። 5 ሰዓት ላይ ግን ፀሐይዋ በየትኛውም ወር ከ50 ዲግሪ በላይ ወጥታለች። የጣሪያው ክፈፍ ጥላ ቁልቁል ወርዶ የላይኛውን መስኮት ይሸፍነዋል፤ ከዛፎቹ ሥር ደግሞ ድቅድቅ ነው። የገጠመሽ ይኸው ነው።

እኛ ጋ ፀሐይ በጥድፊያ ነው የምትወጣው። ሽቅብ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ትጨምራለች። የጠዋቱ ለስላሳ ብርሃን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ በሩ ላይ ማን ያስገባሻል? ስለዚህ ለአንቺ ሁለት ጊዜ ይቀራል። ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል። አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ ቀን ከሰዓት ሂጂ። ሁለቱን በአንድ ቀን ልጨርስ ብትዪ መሃል ላይ ትደክሚና የ5 ሰዓቱን ፎቶ ደግመሽ ታነሺያለሽ።

ነጩ ሰማይ። ካሜራሽ በአንድ ጊዜ ሊያይ የሚችለው የብርሃን ልዩነት ከዓይንሽ ያነሰ ነው። ጥቁር አረንጓዴ ዛፍና የቀትር ሰማይ ባንድ ፍሬም ሲገቡ አንዱን መጣል ግድ ይለዋል። በዚያ ላይ ከተማችን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ሳስቷል። ብርሃንን የሚበትነው አየር ሲቀንስ ጥላው ይበልጥ ይጠቁራል። ሞምባሳ ወይም ጅቡቲ ያነሳ ሰው አዲስ አበባ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስተውለው ይህንን ነው።

ሦስት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ፀሐይን በትከሻሽ በኩል፣ ወደ ኋላ አድርጊ። ከፀሐይ ተቃራኒ ያለው ሰማይ ሁልጊዜ ይበልጥ ሰማያዊ ነው፤ የዛፎቹ የበራው ጎንም ወደ አንቺ ይዞራል። ሁለተኛ፣ ካኖኑን ሮው (ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) ላይ አድርገሽ፣ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ንቃት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 8፣ ብርሃኑን በሰማዩ ለክተሽ አንሺ። ዛፉ በካሜራው ስክሪን ላይ ቢጨልም አትደንግጪ፤ ከሮው ፋይል ውስጥ ጨለማን ማውጣት ይቻላል፣ የነጣ ሰማይን ግን ማንም አያወጣውም። ሦስተኛ፣ ክረምት ከሆነና ሰማዩ ደመና ብቻ ከሆነ ሰማዩን ተዪው። ከቅርንጫፍ ሥር ገብተሽ ቅጠሉ የላይኛውን ነጭ እንዲሸፍን አድርጊ። የደመና ብርሃን ለስላሳ ስለሆነ ዛፍ የበዛበትን የግቢውን ክፍል ለማንሳት ከፀሐይ ቀን ይሻላል። ክረምትን የሚጠላ ፎቶ አንሺ ግራ ያጋባኛል። እርጥብ ድንጋይ፣ የጠገበ አረንጓዴ፣ የታጠበ አቧራ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? የመስከረምና የጥቅምት ጥርት ያለ ሰማይ ከደረሰልሽ ደግሞ እሰየው።

ከዛፍ ሥር ያለ ፈዘዝ ያለ ግድግዳ በፎቶ አረንጓዴ ይመስላል። ቅጠሉ ላይ ነጥሮ የመጣ ብርሃን ስለሚያርፍበት ነው። አንድ ነጭ ወረቀት እዚያው ግድግዳ አጠገብ ይዘሽ አንድ ፎቶ አንሺ፤ ኋላ ኤዲት ስታደርጊ ወረቀቱን ነጭ ካደረግሽው ግድግዳውም ቀለሙን ያገኛል።

አሁን ምን ታነሺ ወደሚለው። 10 ፎቶ አለሽ። አሥሩንም የሕንፃ ፊት አታድርጊያቸው።

ይህ ቤት ብዙ ያየ ነው። በ1920ዎቹ የተሠራው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ ነበር። በወረራው ዘመን የኢጣሊያው እንደራሴ ያዘው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ነው፤ ከዚያ የተከተለውን የከተማዋን እልቂት ታውቂዋለሽ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች የተገደሉትም በዚህ ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። የጥናትና ምርምር ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ሥዕሎቹንና መስቀሎቹን በመሰብሰብ ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ትልቅ ድርሻ አለው። ይህን የምነግርሽ ለመግቢያ ጽሑፍሽ ብቻ አይደለም። ካሜራውን የት እንደምትተክዪ ይወስንልሻል።

ለምሳሌ የፊቱን ደረጃ። ብዙ ሰው ደረጃውን የሚያነሳው ከታች ሽቅብ ነው፤ ቤተ መንግሥት ስለሆነ ግርማ ለመስጠት። አንድ ጊዜ ተቃራኒውን ሞክሪ። ፈቃድ ካገኘሽ ደጃፉ ላይ ቆመሽ ወደ ግቢው ተመልከቺ። ባለ ሥልጣን ቆሞ ሕዝቡን ያየበት ዕይታ ነው። ሕንፃው ከግቢው ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት እንዲኖረው ታስቦ እንደተሠራ ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ፎቶ የለም። ለአርክቴክቸር ተማሪ ይህ ፎቶ ከፊት ለፊቱ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ከዚያ ሕንፃው ፊት ያለው ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ወደ ሰማይ ወጥቶ የትም የማይደርሰው። ፋሺስቶቹ የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ጀምሮ የአንድ ዓመት መታሰቢያ ነው ይባላል። ከነጻነት በኋላ አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳን አስቀመጡበት። ይህን ስታነሺ ችግሩ እርከኑም አንበሳውም እኩል እንዲነበቡ ማድረግ ነው። ሥሩ ሄደሽ ሽቅብ ካነሳሽ አንበሳው ይጠፋል፤ ደረጃው ብቻ ይቀራል። ወደ ኋላ ሂጂ፣ ብዙ። ሌንሱን 55 ላይ፣ በጣም የሚያቀርበው ላይ፣ አድርጊ። ያኔ ከጀርባው ያለው ሕንፃ ወደ ፊት የቀረበ ይመስላል፤ ደረጃውና ቤተ መንግሥቱ ባንድ ፍሬም ይፋጠጣሉ። አንበሳው ከሰማይ ላይ እንጂ ከቅጠል ላይ እንዳያርፍ ግራ ቀኝ አንድ ሁለት እርምጃ ተንቀሳቀሺ። ቅጠል ላይ ካረፈ ማንም አያየውም። እላዩ ላይ አትውጪ፤ ሌላውም ሲወጣ አታንሺ።

ሰው ይግባበት። ባዶ የአርክቴክቸር ፎቶ የሚወድ መምህር ሞልቷል፤ እኔ ግን ግማሹ ላይ ሰው እንዲኖር እመክራለሁ። ተማሪ ደብተር ይዞ ሲያልፍ የበሩ ቁመት ወዲያው ይታወቃል። ቅርብ ከሆነና ፊቱ ከታየ ጠይቂው። ሩቅ ከሆነ ጀርባው ይበቃሻል።

ከግቢው ስትወጪ አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት አለ። በ1947 ዓ.ም. የተመረቀ፣ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሽኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የሠሩት። ለሥራሽ የግድ አይደለም፤ ግን የጎን ብርሃን ምን እንደሆነ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከሐውልቱ ገጽ ወጣ ያሉትን ቅርጾች ቀትር ላይ እይያቸው፣ ከዚያ 11 ሰዓት ላይ። ፊቶቹ ያኔ ነው የሚወጡት። የሙዚየሙን ፈቃድ እየጠበቅሽ ልምምድ አድርጊበት።

ስለ ውስጡ አጠር ላድርግ፤ ጥያቄሽ ስለ ውጭው ነው። ማንሳት መፈቀዱን መጀመሪያ ጠይቂ። ቢፈቀድም ፍላሽ አይሆንም። ሥዕልና ብራና ብርሃን ይጎዳቸዋል፤ ፎቶውም ራሱ በፍላሽ ያስቀይማል። ክፍሎቹን፣ ለምሳሌ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት፣ ከበሩ ላይ ሆነሽ፣ ካሜራውን ወደ ደረትሽ ዝቅ አድርገሽ ቀጥ በማድረግ አንሺ። ከቆመ ሰው ዓይን ከፍታ ካነሳሽ ወለሉ ይበዛል። ዕቃው መስታወት ውስጥ ከሆነ ሌንሱን መስታወቱን ሊነካ እስኪል አስጠጊው፤ ጥቁር ልብስ መልበስሽም ነጸብራቁን ይቀንስልሻል። የመብራቱ ቀለምና ከመስኮት የሚገባው ብርሃን አይስማሙም። አንዱን ምረጪ፤ ቢቻል መስኮቱን።

ፈቃድ። ከዲፓርትመንትሽ የትብብር ደብዳቤ አጽፊ። ማኅተም ያለው። ምን እንደምታነሺ፣ ለምን እንደምታነሺ፣ በየትኛው ቀን እንደምትሄጂ ይጻፍበት፤ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ካለሽ ትራይፖድ የሚለው ቃል ደብዳቤው ላይ ይኑር። በስልክ የሚያነሳን ሰው ዝም የሚል ጥበቃ፣ ትራይፖድ ሲዘረጋ ካየ «ይሄ ለምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም። ሥራው ነው። መታወቂያሽን ያዢ፣ ሰላም በያቸው፣ ደብዳቤውን ሳይጠይቁሽ አሳዪ። አንድ ጊዜ ካወቁሽ በሁለተኛው ቀን ራሳቸው «ከዚያ ማዶ ጥሩ ይታያል» ይሉሻል፤ ብዙ ጊዜም ልክ ናቸው። ጥበቃዎቹንና ፍተሻውን አታንሺ። ድሮን የሚያውስሽ ጓደኛ ቢመጣ አመስግነሽ መልሺው። ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ ማብረር በአገራችን ቀልድ አይደለም፤ የተማሪ ሥራ ነው ብሎ የሚያልፍሽ የለም።

ሌላ ሙዚየም ላወዳድር ካልሽ፣ በዚያው ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለልሽ። አንዱ ቤተ መንግሥት፣ አንዱ የዘመናዊ ሥዕል ቤት፤ ጥሩ ንጽጽር ይወጣዋል። እዚያ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሥዕል የሰው ሥራ ነው። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የሠዓሊው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ገብረ ክርስቶስ ያረፈው በ1973 ዓ.ም. ነው፤ ቁጠሪው፣ ገና ነው። የአዳራሹን ቦታና ብርሃን የሚያሳይ፣ ሥዕሎቹ በሩቅ የሚታዩበት ፎቶ ለክፍል ሥራ አያስጨንቅሽም። ሥዕሉን ብቻውን ፍሬም ሞልተሽ አንስተሽ ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ማዕከሉን ጠይቂ።

ኤዲት ላይ ብዙ አታምሺ። ስናፕሲድ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ አፕ በነጻ ይገኛል፤ ፐርስፔክቲቭ የሚለው መሣሪያው ትንሽ የተጋደመን ሕንፃ ያቃናልሻል። ትንሽ ነው ያልኩት። ብዙ ካቃናሽው የላይኛው ፎቅ ያብጣል፣ ጠርዙም ስለሚቆረጥ ጣሪያውን ታጪዋለሽ። ስለዚህ ስታነሺ በዙሪያው ሰፋ አድርጊ። ነጩን ሰማይ በሌላ ሰማይ መተካት የሚባለውን ነገር ደግሞ ለዚህ ሥራ አትንኪው። ጥላው በግራ ሆኖ ደመናው በቀኝ የበራበት ፎቶ ስንት አየሁ! የሕንፃ ፎቶ ማስረጃም ነው። ፀሐይዋ የት እንደነበረች የሚያውቅ መምህር በአንድ ዕይታ ይይዝሻል።

ፖላራይዘሩስ? ሰማዩን ያጠቁራል፣ ቅጠል ላይ ያለውን ብልጭታ ይቀንሳል፤ ለአትክልት በእርግጥ ይጠቅማል። ሰማዩን የሚያጠቁረው ግን ፀሐይ በጎንሽ ስትሆን ነው፣ በ90 ዲግሪ ግድም። ከጀርባሽ ወይም ከፊትሽ ከሆነች ሰማዩን እምብዛም አይለውጠውም። 18 ላይ ደግሞ ሌንሱ ብዙ ሰማይ ስለሚያይ አንዱ ጥግ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሌላው ፈዛዛ ይሆንብሻል። ሰማይ ባለበት ሰፊ ፎቶ አትጠቀሚበት፤ ከ35 ጀምሮ ላለው፣ ለቅጠሉና ለእርጥቡ ድንጋይ አድርጊው። በዚህ ልክ ከሆነ የሚያስፈልግሽ፣ ለአንድ ቀን ተዋሺው። መጠኑ ከሌንስሽ ፊት ላይ ተጽፏል፤ የክብ ምልክቷ አጠገብ ያለው ቁጥር ነው፣ ብዙዎቹ የካኖን 18-55 ሌንሶች 58 ናቸው።